ጭድ፣ ቆርቆሮና የገሞራ አመድ፦ ስለ አርሲ ደጋ የሕንፃ ሥራ ታሪክ

ከአዳማ ተነሥቶ በዴራ፣ በኢተያና በጎንዴ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ፣ ልብ ብሎ ቢመለከት፣ የአንድ አገር የሕንፃ ሥራ ታሪክ ከቆላ እስከ ደጋ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ያገኘዋል። በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ ቀይና ነጭ የገሞራ ጠጠር ተቆፍሮ በገልባጭ መኪና የሚጫንባቸው ኮረብታዎች ይታያሉ፤ መንገዱ ሽቅብ ማለት ሲጀምር የስንዴና የገብስ ማሳ ከነክምሩ ይተካል፤ ከዚያም ባሕር ዛፍ የከበባቸው የጭቃ ቤቶች ቆርቆሯቸው በፀሐይ እያብለጨለጨ ይከተላሉ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ጭላሎን ተንተርሳ በተቀመጠችው በአሰላ ደግሞ በመስተዋትና በአሉሚኒየም የሚለበጡ ባለ ፎቅ ሕንፃዎች በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከበው ሲታነጹ ይታያል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጭላሎ ራሱ እሳቱ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ያለፈው የእሳተ ገሞራ ተራራ እንደ መሆኑ መጠን፣ አሰላ የታነጸችበት ድንጋይም ሆነ የተመረገችበት አፈር ከዚያው ጥንታዊ እሳት የተወለደ ነው።

ስለ ሕንፃ ሥራ በዘመናችን በሚደረገው ንግግር ሁሉ፣ አዲስና ረቂቅ የሚባለው የግንባታ ዕቃ ከባሕር ማዶ ታሽጎ የሚመጣ በረከት፣ የአገሬው ጭቃና ጭድ ግን የድህነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። የአርሲን ደጋ ቤቶች ታሪክ በትዕግሥት የመረመረ ሰው ግን ከዚህ የራቀ ፍርድ ላይ ይደርሳል። የዛሬው ዓለም የማቴሪያል ሊቃውንት በቤተ ሙከራቸው አጥብቀው የሚፈልጓቸው ሦስት ነገሮች፣ ይኸውም መሰንጠቅን የሚገታ ጭረት (ፋይበር)፣ ሲሚንቶን የሚተካ የገሞራ አመድ፣ በመጠነኛ እሳት የሚዘጋጅ የሸክላ አፈር፣ በዚህ ደጋና ከሥሩ ባለው ሸለቆ ከጥንት ጀምሮ ሲረገጡ ኖረዋል፤ ከውጭ የገባው ማንኛውም አዲስ ነገርም በዚህ አገር ጸንቶ የቆየው የደጋውን ብርድና ዝናብ አክብሮ ከአገሬው አፈርና ከአገሬው እጅ ጋር በተዋሐደ ጊዜ ብቻ ነው።

የጭቃ ቤት አሠራር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቀርቦ ለተመለከተው ግን ብዙ ዕውቀት የሚጠይቅ ጥበብ ነው። በመጀመሪያ ቋሚው በተቆፈረለት ጉድጓድ ተተክሎ በድንጋይ ይጠቀጠቃል፤ ማገሩም በውስጥና በውጭ በኩል በልጥ ይታሰራል፣ ምስማር በተገኘበት ዘመንም በምስማር ይመታል። ከዚያ በኋላ የጭቃው ሥራ ይመጣል። ሳር ያልበዛበት፣ ጠጠሩ የተለቀመ ንጹሕ አፈር በጉድጓድ ተከምሮ ውሃ ይፈስበታል፤ በአርሲ ደጋ የጤፍ ጭድ እንደ ልብ ስለማይገኝ የገብስ ወይም የስንዴ ጭድ ይነሰነስበታል፤ ጎረምሶች ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ አንዳንድ ጊዜም በሬ ተጨምሮ፣ ይረግጡታል። ተረግጦም ወዲያው አይመረግም፤ ተከድኖ እንደ ሊጥ እስኪቦካ ድረስ ለብዙ ቀናት ይቆያል፣ በየጊዜውም ይገለበጣል። ጭዱ በውስጡ በመበስበስ ላይ ሳለ የሚያወጣው ንፍጥ መሰል ነገር አፈሩን ያያይዘዋል፣ ለእጅም ያለሰልሰዋል፣ ውሃንም በመጠኑ እንዲቋቋም ያደርገዋል። ልምድ ያለው መራጊ የጭቃውን መድረስ የሚያውቀው አሽትቶና በጣቱ መካከል ጨምቆ ሲያየው ነው። የመጀመሪያው ምርጊት በማገሩ መካከል ተጠቅጥቆ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል፤ በመጨረሻ የሚመጣው ልስን አፈሩ የተነፋ፣ ጭዱም የደቀቀ ሲሆን፣ በላዩ እበት ከአመድ ጋር ተለውሶ ይቀባል።

ጭዱ በጭቃው ውስጥ የሚያደርገውን ነገር የዛሬው ሳይንስ በሚገባ ያስረዳል። የሸክላ ባሕርይ ያለው አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ መኮማተር ግድግዳውን በትልልቅ ስንጥቅ ሊከፍለው ሲነሣ ጭዱ ከወዲያና ከወዲህ ይዞ ያስቀረዋል፤ ትልቁ ስንጥቅም ወደ ብዙ ጥቃቅንና ጉዳት የለሽ ስንጥቆች ይበተናል። ዛሬ በታላላቅ ከተሞች በብረት፣ በመስተዋትና በፕላስቲክ ጭረት ተደባልቆ የሚፈስሰው ኮንክሪት የቆመው በዚሁ ሕግ ላይ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 5 ፈርዖን የእስራኤልን ልጆች ጭድ ከልክሎ ጡቡን በቁጥሩ እንዲያስረክቡ ባዘዘ ጊዜ የደረሰባቸው መከራ ምን ያህል እንደ ነበረ፣ ጭቃ ያቦካ ሰው ከማንኛውም አንባቢ ይልቅ ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የአርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢ ሕዝብ ቤት ነበረ፤ ክብ፣ በሣር የተከደነ፣ ማና ጪታ የሚባለው፣ ከእንጨት፣ ከቀርከሃና ከሣር በጎረቤት ኅብረት የሚሠራ። በ1870ዎቹ በራስ ዳርጌ መሪነት በተካሄደውና ብዙ ሕዝብ ባለቀበት ብርቱ ጦርነት ይህ አገር በምኒልክ ግዛት ሥር ከዋለ በኋላ፣ መኳንንቱና ወታደሩ የሰሜኑን እልፍኝና አዳራሽ፣ የክብ ቤተ ክርስቲያኑንም አሠራር ይዘው መጡ፤ ዳሩ ግን የሁለቱም ወገን ቤት ዕቃው አንድ ነበር። ምሰሶው ከጥድ ይቆረጥ ነበር፤ የደጋ ጥድ ዘይት ያለበት እንጨት ስለ ሆነ ነቀዝና ምስጥ አይደፍረውም፣ በመሬት ውስጥ ተቀብሮም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ለደጃፍ መቃንና ብርታት ለሚሻው ስፍራ ወይራ፣ ለሣንቃ ዝግባ ይመረጥ ነበር። ጥንታውያኑ የአክሱም ሐናጽያን በደብረ ዳሞ እንዳደረጉት ድንጋይንና አግዳሚ እንጨትን በንድቅ ማፈራረቅ በዚህ ደጋ ልማድ ባይሆንም፣ በመጭመቅ የሚበረታውን ዕቃ በመሳብ ከሚበረታው ጋር የማጋባቱ ሐሳብ በጭቃውና በማገሩ ጋብቻ ውስጥ አለ።

ጥዱ ግን አልበቃም። ከተሞች ሲቆረቆሩ፣ እርሻው ሲሰፋ፣ ደኑ ወደ ተራራው ሽቅብ ሸሸ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከወደ አውስትራሊያ ተገኝቶ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ ወደ አርሲ በደረሰ ጊዜ የቤት ሠሪውን ጭንቀት ያቃለለው ስለዚህ ነው። በጥቂት ዓመት ለቋሚ ይደርሳል፣ ተቆርጦም ከጉቶው ይበቅላል። በመሬት ውስጥ የጥድን ያህል አይቆይም፤ በመጠንና በቀጥተኛነት ግን ተወዳዳሪ የለውም። ዛሬ በአሰላ ዋና ጎዳና የሚቆመው ሕንፃ በውጭ መስተዋት ቢለብስም፣ ሠራተኛው ወደ ላይ የሚወጣው በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ነው።

ቆርቆሮ የመጣው ከዚህ ጋር ተከታትሎ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1829 የተፈለሰፈው ይህ የታጠፈ የብረት ሉህ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የለበሰው፣ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከገቡት የሕንፃ ዕቃዎች ሁሉ የመንደሩን መልክ እንደርሱ የለወጠ የለም። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ሉሁ ከቤተ መንግሥትና ከቤተ መቅደስ ጣራ ወርዶ ወደ ነጋዴው፣ ቆይቶም ወደ ባላገሩ ቤት ገባ። ስለ ቆርቆሮ ሲነገር በአብዛኛው የሚጠቀሰው ክብሩ ነው፤ ባለ ቆርቆሮ ቤት መሆን በመንደሩ ማዕረግ ነበርና። እኔ ግን በአርሲ ደጋ ከክብሩ ይልቅ ግዴታው የበረታ ይመስለኛል። ለክዳን የሚሆነው ረጅም ሣር የሚበቅልበት የግጦሽ መሬት እየታረሰ የስንዴ ማሳ በሆነ መጠን ሣሩ ጠፋ፣ የተገኘውም ተወደደ፤ በየጥቂት ዓመቱ የሚታደሰውን የሣር ክዳን ለመተካት አንድ ጊዜ የሚገዛ ቆርቆሮ የሚሻልበት ዘመን መጣ።

ትርፉም ጉዳቱም ትልቅ ነው። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ ለአይጥና ለተባይ መጠለያ አይሆንም፣ የዝናቡን ውሃ ንጹሕ አድርጎ ወደ በርሜል ያወርዳል፣ ቤቱም ክብ መሆኑ ቀርቶ ማዕዘን እንዲያበጅ ስለሚያስገድድ ክፍል ለመከፋፈል ያመቻል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን የአሰላ ብርድ በዚያች ቀጭን ሉህ አልፎ ይገባል፤ በቤት ውስጥ ያለው እስትንፋስና የእንፋሎቱ እርጥበት ከቀዘቀዘው ብረት ሥር ረግቶ ንጋት ላይ በተኛ ሰው ላይ ይንጠባጠባል፤ በሐምሌ ዝናብ ጊዜም መምህሩ ለተማሪው የሚናገረው አይሰማም። የሣሩ ክዳን በውስጡ በያዘው አየር ሙቀትን ያቅብ ነበርና፣ ቆርቆሮው ያስቀረውን በሌላ ነገር መካስ ግድ ሆነ። ያ ነገር ኮርኒስ ነው፤ መጀመሪያ ከአቡጀዴ፣ በኋላ ደግሞ ማንም ባላሰበው መንገድ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ።

የማዳበሪያው ነገር ካዱን ያስታውሳል። ካዱ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት ርዳታ በ1960 ዓ.ም. ዋና ጽሕፈት ቤቱን አሰላ ላይ አድርጎ ሥራ ሲጀምር ዓላማው የገበሬውን ምርት ማሳደግ ነበር፤ የቤት ሥራ ታሪክ ጸሐፊም ሊያልፈው አይገባም። ማዳበሪያው በስፋት በገባ ጊዜ ባዶው ከረጢት በቤቱ እመቤት እጅ ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ እርስ በርሱ ተሰፍቶ፣ በጣራው ሥር ተወጥሮ፣ ኖራ ወይም ቀለም ተቀብቶ ጠፈር ሆነ። በከረጢቱና በቆርቆሮው መካከል የቀረው የአየር ክፍተት ብርዱን ሰበረ፣ የዝናቡንም ድምፅ አለዘበ። ይህን ያዘዘ መሐንዲስ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ እናቶች ከተጣለ ነገር ያወጡት ጥበብ ነው፤ በሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶቻችን በክብር ሊጻፍ የሚገባው ይመስለኛል።

ስዊድናውያን በሕንፃ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኙት ግን ከካዱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ ወጣቶችን ለሕንፃ ሙያ ከማሠልጠኑ በላይ የአገሩን የግንባታ ዕቃ የሚመረምርና የሚፈትን ክፍል ነበረው። አፈርን በሚዛንና በመጭመቂያ መሣሪያ መመርመር፣ ያን ጊዜ በብዙ ሰው ዓይን ዝቅ ያለ ነገር የነበረውን የአገሬውን ዕቃ ለዕውቀት የሚገባ ማድረግ ነበረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ደግሞ በስዊድን ርዳታና በየመንደሩ ሕዝብ መዋጮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚሠሩበት ድርጅት ተቋቁሞ፣ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ንድፍ ያላቸው መማሪያ ክፍሎች ታነጹ።

ሲሚንቶ በበኩሉ የራሱ መንገድ ነበረው። የመጀመሪያው ፋብሪካ በጣልያን ወረራ ዘመን በድሬ ዳዋ ተተከለ፤ የአዲስ አበባው በ1950ዎቹ፣ የሙገሩ በ1976 ዓ.ም.፣ የደርባው በ2004 ዓ.ም.፣ የለሚው በ2017 ዓ.ም. መባቻ ተከተሉት። አዲስ አበባ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽን በአርማታ ባስመረቀችበት ጊዜ፣ በጠቅላይ ግዛቶቹ ግን ሲሚንቶ ለቤት መሠረትና ለወለል እንኳ ብርቅ ነበር። በአርሲ ጭሰኛ ዘንድ ደግሞ ከብርቅነቱ የበለጠ ሌላ ምክንያት ነበረ። ነገ ልቀቅ ሊባል በሚችልበት መሬት ላይ የድንጋይ መሠረት የሚጥል ማን ነው? የካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የመሬቱን ትርፍ ከፍ ባደረገው ጊዜ ባለ ርስቶቹ ትራክተር አስገብተው ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው እንዳፈናቀሉ የታወቀ ታሪክ ነው። የጭቃ ግድግዳ የሚሞተው ከእግሩ ነው፤ ከጣራው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬቱን መትቶ ተመልሶ የግድግዳውን ሥር ይበላዋል፤ ጉልበት ድረስ የሚደርስ የድንጋይ መሠረትና ሰፊ ክፈፍ ያለው የጭቃ ቤት ግን ከሠሪው ዕድሜ በላይ ይቆያል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ለወደቀው የጭቃ ቤት ሁሉ ጥፋቱን በጭቃው ላይ መጣል ትክክል አይደለም፤ የርስቱ ሥርዓት ግማሹን ኃላፊነት ይወስዳል። መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ከሆነ በኋላም ዕረፍቱ አልረዘመም፤ በ1978 ዓ.ም. በአርሲ በስፋት በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ገበሬው ቤቱን አፍርሶ፣ ቋሚና ማገሩን ተሸክሞ፣ በመሥመር በተቀየሰ ሰፈር እንደገና ሠራ።

ካዱ ያመጣው ሌላው ለውጥ በጭዱ ላይ የደረሰው ነው፤ ስለዚህ ነገር የሚገባውን ያህል አልተጻፈም። በዐውድማ ላይ በበሬ ሰኮና የሚበራየው ጭድ ተረግጦ፣ ተሰንጥቆ፣ አጥሮና ለስልሶ ይወጣል፤ ለጭቃ የሚስማማው ይኸው ነው፤ ሸካራ ገጹ አፈሩን ይይዛል፣ ልስላሴው ቶሎ ያቦካዋል። አርሲ በአገሪቱ ውስጥ ኮምባይነር ከሁሉ ቀድሞ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዷ ስትሆን፣ ከማሽኑ በኋላ በማሳው ላይ የሚቀረው አገዳ ረዘም ያለ፣ ቆዳው ያልተላጠ፣ የሚያንሸራትት ነው። ኮምባይነር በገባበት ቀበሌ ጭቃ የሚያቦካ ሰው ያንን አገዳ እንደገና በእግር ወይም በበሬ ካላስረገጠው፣ ወይም ደግሞ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ካላቦካው፣ ልስኑ ሙጫ እንዳጣ ቀለም ይረግፍበታል። የጭቃ ቤት ጥበብ በአንድ ትውልድ ውስጥ የተዳከመበትን ምክንያት ስንፈልግ፣ ከቆርቆሮውና ከብሎኬቱ ጎን ይህንም መቁጠር ይገባናል።

አሁን ወደ ሸለቆው እንውረድ፤ ለዛሬው ግንባታ ብዙው ሀብት ያለው እዚያ ነውና። ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ከምድር ማሕፀን የወጣው እሳት በሁለት ዓይነት መልክ ረግቶ ቀርቷል፤ አንደኛው ቀይ አመድ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት፣ ከሁለተኛው የሚከብድ ጠጠር፣ ሁለተኛው ፑሚስ የሚባለው፣ በውስጡ አየር ታፍኖ የቀረበት፣ በውሃ ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ የቀለለ ነጭ ድንጋይ ነው። ቀይ አመዱ ለመንገድ መሠረትና ለብሎኬት፣ ፑሚሱ ለቀላል ብሎኬትና ለሲሚንቶ ማደባለቂያ ይውላል። ፑሚስ ያለበት ብሎኬት ክብደቱ ትንሽ ስለ ሆነ ለተሸካሚውም ለመሠረቱም ይቀልላል፤ በየቀዳዳው የታፈነው አየርም ሙቀትን ስለሚያቅብ፣ የሣር ክዳኑ ይሰጠው የነበረው ጸጋ በሌላ መልክ ተመልሶ በግድግዳው ይገኛል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ብሎኬትንና ተገጣጣሚ የወለል ተሸካሚን በስፋት ሲያስለምድ፣ የዚህ ሸለቆ ጠጠር የከተማ ሰው ሁሉ ግድግዳ ሆነ።

ሮማውያን ይህን የፑሚስ ጥቅም ያውቁት ነበር። በሮም ከተማ ዛሬም የቆመው ፓንቴዎን፣ ወርዱ 43 ሜትር የሚሆን ጉልላት ያለው ሕንፃ፣ አንድ ዘንግ ብረት ሳይገባበት ወደ 1,900 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሐናጽያኑ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ደግሞ ፑሚስ በማስገባት ጉልላቱን ከፍ ባለ ቁጥር እያቀለሉት ሠርተውታል። ሲሚንቷቸውም ከኖራና ከገሞራ አመድ የተለወሰ ነበር። በአመዱ ውስጥ ያለው፣ በድንገት ቀዝቅዞ የረጋ መስተዋት መሰል ነገር ከኖራ ጋር በውሃ ሲገናኝ ተዋሕዶ ድንጋይ ይሆናል። ፒፒሲ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው የኢትዮጵያ ሲሚንቶ በዚሁ ጥበብ የተሠራ ነው፤ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከተቃጠለው ክሊንከር ከፊሉ ተቀንሶ በተፈጨ ፑሚስ ይተካል። ሲሚንቶ በዓለም ከሚወጣው የካርቦን ጭስ ወደ 8 በመቶ የሚሆነውን እንደሚይዝ ሲታሰብ፣ ተፈጥሮ አስቀድማ አቃጥላ ያስቀመጠችው አመድ ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ ይገባናል።

እዚህ ላይ ግን የደጋው ብርድ ቃል አለው። የገሞራ አመድ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ነው፤ ብርድ ደግሞ ያንኑ ዝግታ ያባብሰዋል። በአዳማ ሙቀት በጥቂት ቀናት ሣንቃው የሚነሣለት አርማታ በአሰላ ብርድ ከዚያ የበለጠ መቆየት አለበት፤ ውሃም ሳይጓደልበት መጠጣት አለበት። ጠዋትና ማታ ውሃ የሚያጠጣው የጉልበት ሠራተኛ በሕንፃው ላይ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው፤ የሕንፃው ዕድሜ ግን በአብዛኛው በእርሱ ባልዲ ላይ ተንጠልጥሏል። ከከተማው ሥር ያለው ዋልካ አፈር ደግሞ ሌላ ፈተና ያቀርባል፤ በበጋ ተሰንጥቆ እጅ የሚያስገባ፣ በክረምት አብጦ መሠረትን የሚያነሣ ነውና፣ ዋልካውን እስከ ጠንካራው ድረስ ቆፍሮ በመጣልና በሸለቆው ቀይ አመድ በመተካት የሚያሸንፉት ግንበኞች የጥንቱን እሳት አመድ ራሱን መድኃኒት ያደርጉታል።

ከአዲሶቹ የግንባታ ዕቃዎች ሁሉ ለአርሲ እጅግ የሚቀርበው አግሮስቶን የሚባለው ሰሌዳ ነው። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ለክፍል መከፋፈያ የዋለው ይህ ሰሌዳ ከማግኒዥየም ኦክሳይድና ከማግኒዥየም ክሎራይድ፣ ከተፈጨ የእርሻ ተረፈ ምርትና ከፑሚስ ይለወሳል፣ በመስተዋት ጭረትም ይጠናከራል። አሠራሩን በጥሞና ያየ ሰው የአያቶቻችንን ጭቃ መልሶ ያየዋል፤ የሚያያይዝ ነገር፣ የሚሞላ ገለባ፣ መሰንጠቅን የሚከለክል ጭረት። የአገሪቱ የስንዴና የገብስ ማእከል ለሆነው ለአርሲ፣ በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ገብሱን እንደሚፈልገው ሁሉ፣ ገለባውን የሚፈልግ ኢንዱስትሪ ቢገኝ የገበሬው ምርት እስከ አገዳው ድረስ ዋጋ ያገኛል። ዳሩ ግን የማግኒዥየም ሲሚንቶ ታላቅ ጉድለት አለበት፤ ለረጅም ጊዜ በውሃ የራሰ እንደ ሆነ ጥንካሬው ይሟሽሻል። በደረቅ ቤት ውስጥ ለመከፋፈያ ሲቆም የሚከበረው ሰሌዳ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለማቋረጥ በሚዘንብበት በአርሲ ደጋ የውጭ ግድግዳ ሆኖ ቢቆም ያሳፍራል። ለአንድ አየር የተፈለሰፈን ነገር ሳይመረምሩ በሌላ አየር መትከል፣ የቆርቆሮው ብርድ ያስተማረንን ሳይማሩ መቅረት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚሰጠኝ በሸክላ አፈር ላይ የሚደረገው ምርምር ነው። በስዊዘርላንድና በሌሎች አገሮች ያሉ ሊቃውንት ክሊንከሩን እስከ ግማሽ ቀንሰው፣ በ800 ዲግሪ ገደማ በተጠበሰ የሸክላ አፈርና ባልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ የሚተኩበትን ሲሚንቶ አዘጋጅተዋል፤ እሳቱ ስለሚያንስ ነዳጁም ጭሱም ያንሳል። የአዲስ አበባው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጋር ሆኖ፣ በግቢው ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ የከተማ ቤት በአብዛኛው ከአፈር ሠርቷል፤ የምድር ቤቱ ግድግዳ ከተወቀጠ አፈር፣ የላይኛውን ወለል የተሸከመው ደግሞ ከስስ የአፈር ጡብ የተጣፈ ቅስት ነው። አፈር ፎቅ ሊሸከም እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሰላ ግን ገና የራሷን ማስረጃ አላየችም። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በካዱ ዘመን የተጀመረውን የእርሻ መሣሪያ ምርምር የወረሰ የሜካናይዜሽን ማእከል አለ፤ በአዳማም የማቴሪያል ሳይንስ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ። እነዚህ ተባብረው አንድ ትንሽ ሥራ ቢሠሩ ብዬ እመኛለሁ፤ በበሬ የተበራየ ጭድና የኮምባይነር ጭድ በየራሳቸው የቦኩባቸው ሁለት ግድግዳዎች፣ አንድ የፑሚስ ብሎኬት፣ አንድ የአግሮስቶን ሰሌዳ፣ በተጠበሰ ሸክላ ሲሚንቶ የተለሰነ አንድ የአፈር ጡብ ግድግዳ፣ ሁሉም ጉልበት በሚደርስ የድንጋይ መሠረት ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ ፊታቸውን ዝናቡ ወደሚመጣበት አድርገው፣ ሦስት ክረምት በደጅ እንዲቆዩ፤ በየመስከረሙም ማንም ገበሬና ማንም ግንበኛ መጥቶ በጣቱ እየፋቀ እንዲያያቸው።